መውጫውን ሳታዪ አታስገቢ

ካይሮ ለትምህርት የመጣች ልጅ ሻንጣዋን ሳትፈታ የምትጠይቀው «የትኛው ባንክ ይሻላል?» ብላ ነው። መልሱ እንደየመላሹ ይለያያል። አል አዝሃር የሚማረው ናሽናል ባንክን ያወድስላታል፣ ኒው ካይሮ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ያለችው ሲአይቢን፣ ዶቂ የተከራየው ደግሞ ባንክ ሚስርን። ልብ ብለሽ ካየሽ ሁሉም የሚያወድሱት ለቤታቸው የቀረበውን ነው። እኔ አረብኛው ገና ያልገባቸውን አዲስ መጪዎች ይዤ ባንክ ለባንክ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ መስኮት ላይ የማይነገረውን ቀረብ ብለሽ ስሚኝ። የባንኩ ስም ያን ያህል አያስጨንቅሽ። ገንዘብ ማስገባትማ ሁሉም በፈገግታ ያስገባልሻል። ሂሳብ የሚመረጠው በመውጫው ነው። ያስቀመጥሽው በምን ገንዘብ፣ በማን ፈቃድ፣ ምን ያህል ጎድሎ ይወጣል? ጥያቄው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቅርንጫፍ። የአንድ ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች ለአንድ ፓስፖርት ሁለት መልስ ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ «ለውጭ ተማሪ ሂሳብ አንከፍትም» ሲል፣ ሁለት ፌርማታ ርቆ ያለው ሻይ እየጠጣ ከፍቶልናል። መመሪያው አንድ ነው። ልዩነቱ ሠራተኛው የተማሪ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አይቶ ማወቁና አለማወቁ ላይ ነው። እምቢ ቢልሽ ማንም አይጠይቀውም፤ እሺ ብሎ በኋላ ፋይልሽ ላይ ጉድለት ቢገኝ ግን ፊርማው እዚያ አለ። ስለዚህ «ቡክራ (ነገ) ነይ» ወይም «ሲስተም የለም» ሲልሽ አብዛኛውን ጊዜ እየፈራ ነው እንጂ እየናቀሽ አይደለም። መፍትሔው ክርክር ሳይሆን ፋይልሽን የለመደ ቅርንጫፍ ማግኘት ነው፦ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ከሆንሽ ጊዛ፣ ዓይን ሸምስ ከሆንሽ አባሲያ፣ አል አዝሃር ከሆንሽ ናስር ሲቲ፣ ከግቢው በእግር የሚደረስበትን። ወሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ አትሂጂ፤ ጡረተኞች አበል የሚቀበሉበት ጊዜ ስለሆነ ሠራተኛው አንቺን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ፋታ የለውም።

ሂሳብ ለመክፈት የምትይዢው የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚል፣ የባንኩንና የቅርንጫፉን ስም ጠርቶ ቢጻፍ ይሻላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የንስር ማኅተሙ ይኑርበት። በዚህ አገር ያ ንስር ከአንቺም ከእኔም አንደበት በላይ ይናገራል።

ኢቃማውና ባንኩ ደግሞ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ባንኩ ኢቃማ ይልሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሳኔ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣ የውጭ ዜጋ ዶላሩን በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ምንዛሪ ቤት የመነዘረበትን ደረሰኝ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ብዙዎች «ሂሳብ ሳይኖረኝ ከየት አመጣለሁ?» ብለው ይደነግጣሉ። ለመመንዘር ሂሳብ አያስፈልግም፤ ፓስፖርት ይበቃል። ደረሰኙ በስምሽ፣ ማኅተም አርፎበት፣ የፓስፖርት ቁጥርሽ ሳይሳሳት ይውጣ። ከዚያ በኋላም እንዳትጥይው። የት እንደሚያስፈልግሽ ኋላ እነግርሻለሁ።

ስም የሚባል ጣጣም አለ። አረብኛ «ፐ» የለውም፣ «ጰ» የለውም፣ «ጨ»ም የለውም። ሠራተኛው ስምሽን በጆሮው እየሰማ በአረብኛ ይጽፈዋል፤ ከአረብኛው ደግሞ አንዳንዴ ራሱ እየገመተ ወደ ላቲን ፊደል ይመልሰዋል። ፓስፖርቱ ላይ ጴጥሮስ የሆነው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቡትሮስ ሆኖ ይቀመጥና ከአዲስ አበባ የተላከለት ሐዋላ «ስም አልገጠመም» ተብሎ ሳምንታት ይንጠለጠላል። ፎርሙ ከመታተሙ በፊት «ስክሪኑን አዙርልኝ» በይውና ከፓስፖርትሽ ግርጌ ካለው መስመር ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። አይቀየምሽም፣ አትፈሪው።

ተራ ስትጠብቂ አንድ ነገር ትዝ ይበልሽ። እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተው ይኸው ናሽናል ባንክ ኦፍ ኢጂፕት ለአገራችን የመጀመሪያ ባንክ አባት ነው። በ1905 ወኪሉ ማክጊሊቭሬይ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ የአቢሲኒያ ባንክ በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሉን ገዝተው በኢትዮጵያ ባንክ እስኪተኩት ድረስ ቆየ። ዛሬ በአቢሲኒያ ስም የሚጠራው የግል ባንክ ሌላ ነው። እንግዲህ ባንክ ያስተማሩን እዚህ ያሉት ናቸው፤ የእነሱን ወረፋ መታገስ የእኛ ዕጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሚስጥር እንግባ። ገንዘብሽ በምን ይደር? በዶላር ወይስ በግብፅ ፓውንድ፣ በእኛ አፍ በጊኒ? ቆጥረሽ እዪው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አንድ ዶላር ወደ 15.7 ጊኒ ነበር። አንድ ሺህ ዶላሯን መንዝራ 15,700 ጊኒ ያስቀመጠች ልጅ፣ ማርች 6 ቀን 2024 ማዕከላዊ ባንኩ ምንዛሪውን ሲለቀውና ዶላሩ ከ31 ወደ 50 አካባቢ ሲወጣ፣ በእጇ የቀረው 314 ዶላር ያህል ነው። ማንም አልሰረቃት። «ወለዱስ?» ትይኝ ይሆናል። በጃንዋሪ 2024 ሁለቱ ትልልቅ የመንግሥት ባንኮች ለአንድ ዓመት 27 በመቶ የሚከፍል ሰርተፊኬት አወጡና ሰዉ ተሰለፈ። አንድ ሺህ ዶላር በ31 መንዝሮ የገዛ ሰው ዓመቱ ሲሞላ 39,370 ጊኒ ደረሰው፤ በ50 ሲካፈል 787 ዶላር። ያን ሁሉ ወለድ በልቶም ከስሯል። እኛም ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከ57 ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ሲያልፍ ያየን ሰዎች ነን፣ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ስለዚህ ሁለት ሂሳብ ክፈቺ፤ የዶላርና የጊኒ። የትምህርት ክፍያውና መጠባበቂያው በዶላር ይቀመጥ፣ የወር ቀለብሽን ብቻ በየወሩ መንዝሪ። የዶላር ሂሳብ ግን የራሱ መውጫ አለውና ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን በግልጽ ጠይቂ፦ ካሽ ያስገባሁትን ካሽ አወጣለሁ? በሐዋላ የመጣልኝንስ በካሽ ትሰጡኛላችሁ ወይስ በጊኒ ብቻ? በአንድ ቀን ምን ያህል? ኮሚሽኑስ? የካሹና የሐዋላው መልስ የሚለያይበት ባንክ ብዙ ነው። ዶላር በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ወረቀት ላይ ያለ መብት ካዝና ውስጥ ካለ ኖት ጋር አንድ አይደለም። «ነገ ይመጣል» የሚለውን ቃል የ2023ን ዓመት እዚህ ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ክሬዲት ካርድ ስለሚባለው ነገር ብዙ አትድከሚ። አዳራሹ ውስጥ በፈገግታ የምትቀበልሽ ልጅ በወር ይህን ያህል ካርድ ሽጪ ተብላለች፤ «ይቻላል» ማለት ሥራዋ ነው። የሚወስነው ፎቅ ላይ ያለው የብድር ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያየው የደመወዝ ደብዳቤ ነው። ተማሪ ደመወዝ የላትም። የሚቀረው መንገድ ተቀማጭ አስይዞ ካርድ መውሰድ ነው፦ ገንዘብሽን ይዘጉብሽና ከእሱ ከፊሉን እንደ ብድር ይሰጡሻል። የራስሽን ገንዘብ በወለድ እንደመበደር ማለት ነው። የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በኦክቶበር 2023 የግብፅ ባንኮች በጊኒ የሚሠሩ ዴቢት ካርዶችን ከአገር ውጭ እንዳይከፍሉ ሲያግዱ፣ ለፈተናም ለማመልከቻም በዶላር መክፈል የነበረባቸው ልጆች ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ፍለጋ ከተማውን አዳርሰዋል። ውጭ አገር ለማስተርስ የምታመለክቺ ከሆነ አስቢበት፤ አለበለዚያ ተይው። ሚዛ የሚባለው የአገሬው ካርድ ለአገር ውስጥ ግዢና ለኤቲኤም በቂ ነው።

ለዕለት ኑሮ ኢንስታፔይን የሚያህል የለም። በ2022 ከተጀመረ ወዲህ አከራዩም፣ አትክልት ሻጩም፣ የሕንፃው ዘበኛ በዋቡም በእሱ ይቀበላሉ። ግን ከስልክ ቁጥርሽ ጋር የታሰረ ነው። ባንኩ የያዘው ቁጥርና በስምሽ የወጣው ሲም አንድ ይሁን። ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄጂ ሲሙ ሳይሞላ ቆይቶ ከተቋረጠ ሂሳብሽ እያለ በር ላይ ትቀሪያለሽ። ፓስፖርትሽን ወይም ኢቃማሽን ስታሳድሺም አዲሱን ኮፒ ሳትጠየቂ ውሰጂላቸው። ቀኑ ካለፈ ሂሳቡ በራሱ ይታገዳል፣ የምታውቂውም ሱፐርማርኬት ካሸር ፊት ቆመሽ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚላከው የትምህርት ክፍያ በአንቺ ሂሳብ ባያልፍ ይመረጣል፤ የመቀበያ ደብዳቤሽንና ኢንቮይሱን ይዘው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ይላኩ። ላኪው ባንክም፣ መሀል ያለው አገናኝ ባንክም፣ ተቀባዩም የየድርሻቸውን ይቆርጣሉ። ፎርሙ ላይ «ወጪው በሙሉ በላኪ» የሚለው ካልተመረጠ ገንዘቡ ጎድሎ ይደርስና በጥቂት ዶላር ምክንያት «ያልከፈለች» ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ። ካይሮ ዓርብና ቅዳሜ ባንክ ዝግ ነው፤ ዶላሩ የሚያልፍበት ኒው ዮርክ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። ሐሙስ ከሰዓት የተላከ ገንዘብ ለሰኞም ከደረሰ ፈጥኗል።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ሂሳብሽን ለማንም አታውሺ። አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ይዤ፣ ስሙን የማልጠራው ባንክ ቤት ገብቼ ነበር። ካርዱ አልሠራ ብሎት ነው። ሠራተኛዋ ዝም ብላ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የላኪዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ሱዳናዊ፣ ግብፃዊ፣ ሐበሻ፣ ሁሉም ትንንሽ ገንዘብ። «እነዚህ ዘመዶችህ ናቸው?» አለችው። ፎርሙ ላይ «ተማሪ፣ ቤተሰብ ይረዳኛል» ብሎ የሞላው እሱ ራሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ባለ ሐዋላ አዲስ አበባ ላይ ብር ይቀበላል፣ እዚህ ጊኒውን ለሰው ለማድረስ የተማሪ ሂሳብ ይዋሳል፣ ለተማሪው የሻይ ይሰጠዋል። በ2024 መጀመሪያ ባንክ 31፣ ጥቁር ገበያው 70 አካባቢ በደረሰበት ጊዜ ይህ ሥራ የማያጓጓው አልነበረም። የ2020 የባንክ ሕግ ቁጥር 194 ግን ከባንክና ፈቃድ ካለው ቤት ውጭ የውጭ ገንዘብ የሚነግድን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት እስርና በሚሊዮን የሚቆጠር ጊኒ ቅጣት ይጠብቀዋል ይላል። ባለ ሐዋላው ወረቀት ላይ የለም። ወረቀት ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ልጁ ሂሳቡ ተዘግቶ፣ የራሱ የኪራይ ገንዘብም አብሮ ታግዶ ወጣ።

  

ስትመረቂ ደግሞ ከመሄድሽ ሁለት ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ካርዱን መጀመሪያ አሰርዢ፣ ዕዳ አለመኖሩን በጽሑፍ ያዢ፣ ከዚያ ሂሳቡን ዝጊ። የተረፈሽን ጊኒ ወደ ዶላር ለመመለስ ስትጠይቂ ነው እንዳትጥይው ያልኩሽ ደረሰኝ የሚያስፈልገው። በኤርፖርት ከአምስት ሺህ በላይ ጊኒ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ አከራይሽ ደግሞ መያዣውን የሚመልስልሽ በጊኒ ነው፣ ያውም ቁልፉን በምታስረክቢበት ቀን፣ አንዳንዴም ታክሲው በር ላይ ቆሞ። ስለዚህ ገና ውል ስትፈርሚ ተነጋገሪው፦ የመጨረሻው ወር ኪራይ ከመያዣው ላይ ይቆረጥ።