ለእናታችሁ እንግሊዝኛ ስታስተምሩ ከፖስታ ሳጥኑ ጀምሩ

እዚህ አሜሪካ እናቱን ወይም አባቱን እንግሊዝኛ ማንበብ ላስተምር ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ልጆች የተዉትን የተረት መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ስለ ድመትና ኳስ እንዲያነቡ ይደረጋል። ጥቂት ሳምንት ይሞከርና "ተወኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ አይገባኝም" ይባላል። ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሚያስፈልጋቸው ንባብ ዛሬ ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ገብቷል፣ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያሳያቸው ነው የጠፋው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ትልልቅ ሰዎችን በበጎ ፈቃድ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ አማርኛ አቀላጥፈው ያነባሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አሉ፤ በየማለዳው ዳዊት የሚደግሙ አሉ። የለመዱት ንባብ ታዲያ ከላይ ተነስቶ እስከ ታች፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ ነው። ለዳዊት የሚገባውም እንዲያ ነው። የመብራት ቢል ግን በዚህ መንገድ ከተያዘ አያልቅም። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ የማያውቁት ቃል ሲያጋጥማቸው እዚያው ይቆማሉ፤ ገንዘቡና ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ሳይደርሱ ወረቀቱ ይታጠፋል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው መፈለግን ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ዝርዝር ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ የሚያነብ የለም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን አሩጦ የራሱን ስም ይፈልጋል። ቢልም እንዲሁ ነው ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ከማን መጣ? ስንት ይከፈል? እስከ መቼ? ሌላው ሁሉ ይቆይ። "አማውንት ዱ" እና "ዱ ዴት" የሚሉትን በእስክሪብቶ ያከብባሉ፤ የሚቀጥለው ወር ቢል ሲመጣ ቦታውን ራሳቸው ያገኙታል። የጤና ኢንሹራንስ ከሚልካቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ ላይ ደግሞ "ዲስ ኢዝ ኖት ኤ ቢል" የሚል መስመር አለ። ሕክምናው ይህን ያህል ወጣበት ለማለት እንጂ ክፈሉ ለማለት የተላከ አይደለም። ይህችን አንድ መስመር ለይተው የሚያውቁ እናት ያልተጠየቁትን ገንዘብ ከየት ላምጣ እያሉ አያድሩም።

መድኃኒት ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፣ እዚህ ላይ ስህተቱ ከባድ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ "ድራግ ፋክትስ" የሚል ሰንጠረዥ ይገኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ደንብ ምክንያት ቅደም ተከተሉ በሁሉም ላይ አንድ ነው፦ መጀመሪያ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከነመጠኑ፣ ቀጥሎ ለምን እንደሚሰጥ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያው፣ ከዚያ አወሳሰዱ። ለአስተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይገኛል? አንዴ ቦታውን የለመደ ሰው የትኛውንም ማሸጊያ ሲያነሳ የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

አንድ ቀን ታይሌኖልና ናይኩዊል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንዲትን እናት "የሰንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር ከሁለቱም ላይ ይፈልጉልኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጣታቸውን ማሸጊያው ላይ እየጎተቱ አገኙት። ቃሉ ረጅም ነው፣ ሊጠሩት አልቻሉም። ፊደሎቹን ግን አንዱን ከአንዱ ማስተያየት ጀመሩ፦ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ቲ... እስከ መጨረሻው ሄዱና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ያው ነው!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ላይ የተጻፈው አሴታሚኖፌን፣ አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው ነው። ለራስ ምታት አንዱን፣ ለጉንፋን ሌላውን የሚወስድ ሰው ሳያውቅ አንድን መድኃኒት ይደራርባል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም በላይ ከወሰደ ጉበቱ ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያው ላይ ሰፍሯል። እኚህ እናት ቃሉን ሳይጠሩት አንብበውታል። ለእኔ ይህ ሙሉ ንባብ ነው፣ ግማሽም ጅምርም አይደለም።

ተቃራኒውም አለ፤ ቃሉን አጥርቶ ጠርቶ ሳይረዱ መቅረት። እ.ኤ.አ. በ2006 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚታከሙ ሰዎችን "ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ውሰዱ" የሚል ጽሑፍ አስነብቦ ነበር። የንባብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል 71 በመቶ ያህሉ መመሪያውን በትክክል ተናገሩ። ለቀኑ ስንት ፍሬ እንደሚያስፈልግ ቆጥረው ማሳየት የቻሉት ግን 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እኔም ለዚህ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ሽምብራ አቀርባለሁ። የብልቃጡን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ የጠዋቱንና የማታውን ለየብቻ ቆጥረው ያስቀምጡልኛል። አራት ሽምብራ ካየሁ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ሰዓትና ቀን የኛን ሰው ለብቻው ያስቸግራል። የቀጠሮ ወረቀት ላይ 9:00 ኤ ኤም ሲያዩ ዘጠኝ ሰዓት ብለው አንብበው ከሰዓት በኋላ የሚሄዱ አሉ፤ በኛ አቆጣጠር ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 03/04 ደግሞ እዚህ ወሩ ስለሚቀድም ማርች 4 ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ በአማርኛ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፉበት አድርጉ።

በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ያልተማሩ ወላጆች ካሏችሁ መንገዱ ይረዝማል፣ አትቸኩሉ። ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸው፣ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ በዚህ ይጀመር።

እያስተማራችሁም ቢሆን አስተርጓሚ መጠየቅን አታስተዋቸው። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ" የሚለውን በካርድ ላይ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይያዙ።

ቤታችሁ የገባና ያስቸገራችሁ የወረቀት ዓይነት ካለ ስሙን፣ አድራሻውንና የአካውንት ቁጥሩን ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። በሚቀጥለው ጽሑፍ የት የት ማየት እንዳለባቸው አከብቤ አሳያችኋለሁ።