«መብራቱ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሳጥን

ኮምፒውተር ሲቃጠል የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «መብራቱ ነው» ይባላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከጠረጴዛው ሥር «ጧ!» ይላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ባለቤቱ እያዘነ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም። ግን ግማሽ እውነት በመሆኑ ሌላውን ተጠያቂ ለዓመታት ሸፍኖልናል። እሱም ማንም ሳይጠይቅበት በርካሽ የሚገዛው፣ ፓወር ሳፕላይ የሚባለው ሳጥን ነው።

የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ጎረቤቴ ኮምፒውተሩ የተቃጠለበት የአንዲት ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ እያስተካከለ ሳለ ነበር። አብሬው ጥገና ቤት ሄድኩ። ባለሙያው የተቃጠለውን ሳጥን ፈታና ከአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ከወጣ ሌላ ሳጥን ጎን አስቀመጠው። በእጄ ስመዝናቸው የእኛው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። በአሮጌው ውስጥ፣ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል፣ የመዳብ ጥቅሎችና ድንገተኛ ጉልበትን የሚያበርዱ ዕቃዎች ተደርድረዋል። በእኛው ላይ ለእነዚያው ዕቃዎች ቦታ ተቀርጿል፣ ምልክታቸው ታትሟል፤ ዕቃዎቹ ግን የሉም። በጥቅሉ ፋንታ አንዲት ቁራጭ ሽቦ ተበይዳለች። ንድፉን የሠራው ሰው መከላከያው እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ያስቀረው አምራቹ ነው።

ይህ ሳጥን ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። ለእነዚህ ሳጥኖች ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት 12 ቮልቱ ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ነው ወሰኑ። ጥሩ ሳጥን ቮልቴጁ ሲያልፍ፣ ጭነት ሲበዛ ወይም ሾርት ሲያደርግ ራሱን ያጠፋል። ከሞተም ብቻውን እንዲሞት ተደርጎ ነው የሚሠራው። የጎረቤቴ ግን ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄደ። ጽሑፉ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የሳጥኖችን ጎን ሳላነብ አላልፍም። የጎረቤቴ «500 ዋት» ይል ነበር። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በብዛት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው፤ በዚያ መስመር የተጻፈው ደግሞ 18 አምፒር ነበር። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። የቀረው ለእነሱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጉልበት ነው።

ከኋላ ያለችው ትንሽ ቀይ ማዞሪያም የራሷ ታሪክ አላት። በአንዳንድ ሳጥኖች ላይ 115 እና 230 ተብሎ ተጽፎባታል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ኮምፒውተር 115 ላይ ሆኖ ሲመጣ፣ ሳጥኑ የገባውን ቮልቴጅ በውስጡ እንዲያጥፍ ተደርጎ ነው የተስተካከለው። በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ከ600 ቮልት በላይ ይፈጠርና፣ ለ200 ቮልት የተሠሩት ሁለት ጉልበት አጠራቃሚ ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው ከ300 በላይ ይወድቅባቸዋል። ይፈነዳሉ። በዚህ መብራቱን መውቀስ አይቻልም።

የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ስንነካ የሚነዝረንስ? ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ ጥሩ ሳጥንም ቢሆን በትንንሽ ካፓሲተሮቹ በኩል ቆርቆሮው ላይ 110 ቮልት ገደማ ያሳድራል፤ የሚያልፈው ጅረት በጣም ትንሽ ስለሆነ መንዘር ብቻ ነው። እነዚህ ካፓሲተሮች ሲበላሹ እንዲቋረጡ ተደርገው መሠራት አለባቸው። ለቁጠባ ሲባል ተራ ካፓሲተር ከገባ ግን፣ ሲበላሽ ሙሉው 220 ቆርቆሮው ላይ ሊወጣ ይችላል። ልጆች በባዶ እግራቸው በሚነኩት ኮምፒውተር ላይ ይህን «ለምዶብናል» ብሎ መተው አይገባም።

ስም ያለው ድርጅት ምርት መግዛትም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የጊጋባይት ፒ750ጂኤም እና ፒ850ጂኤም የተባሉ ሳጥኖች በገለልተኛ መርማሪዎች ፍተሻ በተደጋጋሚ ሲፈነዱ ታዩ። የግራፊክስ ካርድ እጥረት በነበረበት በዚያ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከካርዱ ጋር ተጣምረው ይሸጡ ስለነበር ብዙ ሰው ሳይመርጣቸው ቤቱ አስገብቷቸዋል። ኩባንያው በነሐሴ ወር መግለጫ አወጣ፤ ጭነት ሲበዛ የሚያጠፋውን መከላከያ ከ120–150 በመቶ ወደ 110–120 በመቶ ማውረዱን ገልጾ የመለወጥ ዕድል ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «80 ፕላስ» የሚባለው ምልክትም ሳጥኑ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደማያባክን እንጂ እንደማይፈነዳ አይመሰክርም። ብዙ ሻጮች ግን የደኅንነት ማኅተም አድርገው ያሳዩታል።

እኔን የሚቆጨኝ ጥፋቱ የሚጀምረው በግዢው ወረቀት ላይ መሆኑ ነው። ያየኋቸው የጨረታ ሰነዶች የፕሮሰሰሩን ትውልድ፣ የራሙን መጠን፣ የሃርድ ዲስኩን ስፋት በዝርዝር ይጽፉና ፓወር ሳፕላዩ ላይ ሲደርሱ «500 ዋት» ብለው ያልፋሉ። አቅራቢውም ያ ቁጥር የተለጠፈበትን ርካሽ ሳጥን ያመጣል፤ ሰነዱን አልጣሰምና ማን ይከሰዋል? የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ዕቃ የምትገዙ ሰዎች፣ የ12 ቮልቱን አምፒር፣ የመከላከያዎቹን ዓይነትና የዋስትናውን ዘመን በሰነዱ ላይ አስፍሩ።

ለቤታችሁ የምትገዙም ሳጥኑን ራሳችሁ አትፍቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ገዳይ ጉልበት ይዘው ይቆያሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጎኑን አንብቡ። ከ12 ቮልት ትይዩ ያለውን የአምፒር ቁጥር በ12 አባዙ። ውጤቱ ሻጩ ከነገራችሁ ዋት በብዙ ካነሰ አትግዙት።