ውሻ የትል መድኃኒት ከዋጠ በኋላ

በደጋው አገራችን ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ምን እንደሚያገኘው የማያውቅ የለም፤ ሆዱ ይታወካል፥ ጉልበቱ ይዝላል፥ ትሉም ሲወጣ በዓይኑ ያየዋል። የውሻው ነገር ግን እንዲህ የታወቀ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ባለቤት በማግስቱ ትል ሲያይ «መድኃኒቱ ጎዳብኝ» ይላል፤ ሌላው ምንም ሳያይ ሲቀር «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ያማርራል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

መድኃኒት የዋጠ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ቢተኛ፥ ምግብ ቢቀንስ፥ አንድ ጊዜ ቢያስታውክ ወይም ቢያስቀምጠው አያስደነግጥም። ወስፋት የሚመስለው ድቡልቡል ትል ከዐይነ ምድሩ ጋራ እንደ ነጭ ክር ሆኖ፥ አንዳንዴም እየተንቀሳቀሰ ይወጣል። ጠፍጣፋውን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ግን ትሉ በአንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ስለሚያደርግ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር የለም። ትውከቱ ካልቆመ፥ ደም ከታየ፥ ይልቁንም ትል የበዛበት ቡችላ ሆዱ ተነፍቶ አልበላም ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ሌላ ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ የትሉን እንቁላል አይገድልም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት የሚወጣው ዐይነ ምድር እጅግ አደገኛ ነው። ውሻውን በእነዚህ ቀናት አስሮ ማዋል፥ ዐይነ ምድሩን በአካፋ ሰብስቦ ማቃጠል ወይም ከምንጭና ከጓሮ አርቆ በጥልቅ መቅበር፥ እጅንም በሳሙና መታጠብ ይገባል። እንደ ደባርቅና ዳባት ባለ ብርዳም ምድር እርጥበት ያገኘ እንቁላል ብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተቋቋመ ወዲህ የሰው መጸዳጃ ጉድጓድ ስለ መቆፈር ብዙ ተነግሯል፤ የውሻውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

እንቁላሉን በግ ከሣር ጋራ ሲበላው፥ ከትሎቹ የአንዱ ዘር ወደ አንጎል ወጥቶ ውኃ ይቋጥራል፤ በጉም በአንድ ስፍራ እየዞረ ይሞታል። ገበሬው አዙሪት የሚለው ይህን ነው። ሌላው ዘር ርዝመቱ ከገብስ ፍሬ የማያልፍ ትንሽ ትል ነው፤ እንቁላሉን ሰው ባልታጠበ እጅ ወይም በውኃ ከዋጠው በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱም ሳይታወቅ ለዓመታት እያደገ ቆይቶ ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ይጠይቃል። ከውሻ ጋራ የሚውለው እረኛና የሚጫወተው ሕፃን ለዚህ የቀረቡ ናቸው። (ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚያዘው የሰው ኮሶ ግን ሌላ ነው፤ ከውሻ አይመጣም።)

ውሻውስ ትሉን ከየት አመጣው? እኛው ሰጠነው። በፋሲካና በገና በግ ሲታረድ፥ ውኃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ ቆርጠን «ይህስ ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻው እንወረውራለን፤ በአዙሪት የሞተውንም በግ ጭንቅላት እንዲሁ። እንዲህ ከተደረገ ዛሬ የጸዳው ውሻ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። የተበላሸው ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር፤ ለውሻ መስጠት ካስፈለገም ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀል።

በግ በሚታረድበት ግቢ የሚኖር ውሻ ፕራዚኳንቴሉን በየስድስት ሳምንቱ ቢደግም መልካም ነው። ቡችሎች ግን ወስፋቱን ከእናታቸው ይዘው ስለሚወለዱ፥ ከተወለዱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየ15 ቀኑ፥ እናቲቱም አብራቸው፥ በሐኪም ልክ የድቡልቡል ትሉን መድኃኒት ይወስዳሉ።