ሰደድ እሳትና የደጋ እረኞች

የበጋ ፀሐይ ሣሩን አድርቆ ነፋስ ሲበረታ፥ ከጥር ወር ጀምሮ በአገራችን ተራሮች ላይ ጢስ መታየቱ የተለመደ ነገር ነው። ጢሱን ከሩቅ ያየ ሹም ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የለኰሰው ማነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ምን እንደ ለኰሰው፥ እሳቱም የያዘው ምን ዓይነት ተክል እንደ ሆነ ሳይጠየቅ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሥራው በየዓመቱ ጥፋተኛ መፈለግ ብቻ ሆኖ ይቀራል እንጂ እሳትን መከላከል አይሆንም።

በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ገና ከሰው ልብ አልጠፋም። ዝናም ቀርቶ ምድሩ ደርቆ ነበርና እሳቱ ከአንዱ ደን ወደ ሌላው እየተላለፈ ከ100000 ሄክታር የበለጠ መሬት ነካ። ገበሬውም ወታደሩም ተማሪውም በብዙ ሺህ ሆኖ ወጣ፤ በእጁ የያዘው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዛፍ ቅርንጫፍና አካፋ ነበር። ከጀርመን፥ ከደቡብ አፍሪቃና ከአሜሪካ ዐዋቂዎች መጥተው ረዱ፤ ኋላም ዝናም ዘነበና ነገሩ በረደ። በመስከረም ወር 1993 ዓ.ም. ስለ ደን ቃጠሎ የሚመክር ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ይሁን እንጂ ከ19 ዓመት በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ወራት፥ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት የሰሜን ተራሮች ፓርክ በተቃጠለ ጊዜ፥ ውሃ የሚረጨው ሄሊኮፕተር ከኬንያ፥ እሳት አጥፊዎቹም ከእስራኤል እስኪመጡ መጠበቅ ግድ ሆነ። የረዱን ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ዳሩ ግን ደረቅ ጓሳ የያዘ እሳት እርዳታው ባሕር እስኪሻገር ቆሞ አይጠብቅም።

እሳቱ ሳይነሣ ምን ሊደረግ እንደሚቻል ለማወቅ ወደ ባሌ ተራሮች መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ከባሕር ወለል ከ3500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፥ በአማርኛ አስታ ወይም ውጨና የሚባለው ቍጥቋጦ ተራራውን ሸፍኖት ይገኛል። ማሪያ ዮሃንሰን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪ፥ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ከፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና ከሌሎች ሁለት የስዊድን ዐዋቂዎች ጋራ ሆነው የዚህን ምድር ቃጠሎ መርምረው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ምርመራውም በሦስት መንገድ የተደረገ ነው፤ ይኸውም እረኞቹን በመጠየቅ፥ እሳቱ ሲነድ በዓይን በማየትና በየቦታው ያለውን ቍጥቋጦ ዕድሜ በመቍጠር ነው።

እረኞቹ እሳት የሚለኵሱበትን ምክንያት ሲያስረዱ ሦስት ነገር ተናገሩ። አንደኛው ለከብት የሚሆን ለጋ ግጦሽ ለማግኘት፥ ሁለተኛው መርዛም የሆነ አባ ጨጓሬን ለማጥፋት፥ ሦስተኛው አራዊት በጥሻ ተሸሽገው ከብቱን እንዳይጥሉ ነው። አስታ ከላይ ቢቃጠልም ከሥሩ ጕቶ እንደገና ያቈጠቍጣልና ከብቱ የሚበላው ይህን ቀንበጥ ነው። ስለ እሳቱም ጠባይ ያላቸው ዕውቀት መርማሪዎቹን የሚያረካ ሆኖ ተገኘ፤ የተዳፋቱን፥ የነፋሱን፥ የቅጠሉን ርጥበት፥ የቍጥቋጦውንም ጥቅጥቅነት ለይተው ያውቃሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ድንበር የሚያበጁበት መንገድ ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት በፊት የተቃጠለው ቦታ ገና የሚነድ ነገር አላከማቸምና አዲሱ እሳት ወደዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ስለዚህ የሚለኵሱበትን ስፍራ ሲመርጡ አሮጌውን ቃጠሎ እንደ ቅጥር ይጠቀሙበታል። አንዱ ስፍራ በአማካይ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚቃጠል፥ ተራራው ልዩ ልዩ ዕድሜ ባለው ቍጥቋጦ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። ቃጠሎ በሕግ የተከለከለ ነው። መርማሪዎቹ የደረሱበት ነገር ግን ሹማምንትን በብርቱ የሚያሳስብ ነው፤ ክልከላው በእውነት ቢከበር ኖሮ ቍጥቋጦው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከብት አፍ በላይ አድጎ ተራራውን ያለ ማቋረጥ ይሸፍነው ነበር፤ በዚያም ምድር እሳትን የሚያግድ ሌላ የተፈጥሮ ድንበር እምብዛም ስለሌለ፥ አንድ ቀን የሚነሣው እሳት እጅግ ሰፊና ብርቱ ይሆን ነበር። ትንሹን እሳት የሚከለክል ሕግ ሳያስበው ለትልቁ እሳት ማገዶ ያከማቻል ማለት ነው። በዚህም ላይ፥ እንዳይያዝ ፈርቶ የሚለኵስ ሰው አጠገቡ ቆሞ እሳቱን ሊጠብቅ እንደማይደፍር ማንም ሊገምተው የሚችል ነው።

ይህ ሲባል ግን ማንም ተነሥቶ «እንግዲያውስ እሳት ለደን ሁሉ ይበጃል» ብሎ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ይገባል። የአስታ ነገር ለአስታ ብቻ ነው። ጥድ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ከጕቶው አያቈጠቍጥም። በጎንደርና በጎጃም በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩት ደኖች ደግሞ ነገራቸው ከዚህ የባሰ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ ከደመል ተክታይ ጋራ ሆነው በነዚህ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር በመረመሩ ጊዜ፥ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈሩ ተከማችቶ አለመገኘቱን አስረድተዋል። ስለዚህ ዘር የሚጥለው ዛፍ በእሳት ከጠፋ ከመሬት በታች የሚጠብቅ ተተኪ የለውም። ደኖቹም ትንንሾችና በእርሻ የተከበቡ ናቸውና አጠገባቸው ባለ ማሳ ገለባ ሲቃጠል ወይም በደኑ ውስጥ ማር ለመቍረጥ ጢስ ሲጤስ አደጋው ቅርብ ነው። በአንዳንድ ደብር ከብት እንዳይገባ ተብሎ የተሠራው የድንጋይ ካብ ደኑን ጠቅሞታል፤ ከካቡ ውጭ ያለውን ደረቅ ሣር በየዓመቱ ከታኅሣሥ በፊት ማጨድ ግን የሰበካው ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

በባሌ ያለው ሥራ ከዚህ ይከብዳል፤ ተራሮቹም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የሹማምንቱ ኀላፊነት ጨምሯል። መሬት በጊዜ እንዲዘጋና እንዲከፈት ማድረግ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳ ምድር እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ፥ የአስቦና የጌራ ወገኖች በመረጧቸው አለቆች ትእዛዝ ምድሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቈይ ነበር፤ ሣር የሚታጨድበትም ጊዜ በነርሱ ይወሰን ነበር። የባሌ ሽማግሌዎችም የሚቃጠለውን ስፍራና የሚለኰስበትን ቀን ለመወሰን ዕውቀቱ አላቸው።

ለቀኑ መንግሥትም የሚጨምረው ነገር አለው። በካናዳ አገር የተሠራ፥ ከሙቀት፥ ከአየር ርጥበት፥ ከነፋስና ከዝናም ተነሥቶ የእሳትን አደጋ በቍጥር የሚያሳይ ስሌት አለ። በባሌ ምርመራ ከታዩት እሳቶች ከመቶው 83ቱ የተለኰሱት ይህ ቍጥር እጅግ ከፍ ባለባቸው ቀኖች ነበር፤ እንዲህ ያሉት ቀኖች ግን ከዓመቱ ቀኖች ከመቶ 11 ብቻ፥ ማለት 40 ያህል ናቸው። እረኛው ቅጠሉን በእጁ ዳሶ የሚያውቀውን ቀን፥ የአየር ጠባይ ጣቢያው በወረቀት ላይ ያገኘዋል። እነዚህ ሁለቱ ከጥር ወር በፊት በአንድ ሸንጎ ተገናኝተው፥ በዚያ በጋ የሚቃጠለው የትኛው ተረተር እንደ ሆነ፥ በየትኛው አሮጌ ቃጠሎ ላይ እንደሚቆም፥ እሳቱንም ቆመው የሚጠብቁት እነማን እንደ ሆኑ በመዝገብ ቢጻፍ፥ ለወረዳው ሹም ከሄሊኮፕተር ኪራይ እጅግ የቀለለ ሥራ ነው።