በአንድ ቆጣሪ ሥር፦ ኃይል ፈጂ የቤት ኮምፒውተሮችና የቁጠባ ደንብ በኮልፌ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በብዙ ግቢዎች አከራይና ተከራዮች የሚጠቀሙት በአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ነው። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ በክፍል ወይም በቤተሰብ ብዛት ይካፈላል፤ ምጣድ ወይም ፍሪጅ ያለው ተከራይ ጨምር የሚባልበት ግቢም አለ። ኮምፒውተር ግን እንደ ቀላል ዕቃ ይታለፋል። ለተራ ላፕቶፕ ግምቱ ልክ ነው። ለጨዋታ፣ ለቪዲዮ ቅንብር ወይም ለሕንፃ ንድፍ ሲባል ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ለተገጠመለት ኮምፒውተር ግን አይሠራም።

ለንጽጽር ያህል፣ እንዲህ ያለው ኮምፒውተር በሥራ ላይ 400 ዋት ቢወስድና በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢሠራ የወሩ ፍጆታ ከዚሁ አይርቅም። ልዩነቱ ምጣድ ሲጣድ ግቢው ሁሉ ማወቁ ነው። ኮምፒውተሩ በር ተዘግቶበት፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ማታ፣ መብራትና ምድጃ ሁሉ በሚበራበት ሰዓት ይሠራል።

ጉዳዩን የሚያከብደው የታሪፉ አሠራር ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ወሰኖች 50፣ 100፣ 200 እና 300 ኪሎዋት ሰዓት ናቸው፤ ፍጆታው ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ሦስት ቤተሰቦች በድምሩ 180 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙበት ግቢ አንድ ኃይል ፈጂ ኮምፒውተር ሲጨመርበት 240 ይደርሳል። ግቢው እርከን ዘለለ ማለት ነው፤ ሒሳቡ እኩል የሚካፈል ከሆነ ኮምፒውተር የሌላቸውም ይከፍላሉ።

መፍትሔው ደንብ ነው ለሚሉ ወገኖች በቅርብ ያለው አብነት ካሊፎርኒያ ነው። የግዛቲቱ የኢነርጂ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀው የኮምፒውተር ደረጃ ሁለተኛ ምዕራፉ በሐምሌ 2021 ሥራ ላይ ሲውል፣ ዴል አንዳንድ የጨዋታ ኮምፒውተሮቹን ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሌሎች አምስት ግዛቶች መላክ አቆመ። በወቅቱ ነገሩ ጨዋታ እንደ መከልከል ተወራ። ደረጃው የሚለካው ግን ኮምፒውተሩ በርቶ ያለ ሥራ ሲቆይ፣ ሲያንቀላፋና ሲጠፋ የሚወስደውን ኃይል ነው፤ በሥራ ላይ ለሚወስደው ጣሪያ አላበጀም። ለብቻቸው ተገዝተው ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ ክፍሎችንም አይመለከትም።

ይህ ደንብ ሳይለወጥ ቢወሰድ ኮልፌ ላይ ኢላማውን ይስታል። በርቶ የሚረሳ ኮምፒውተር የቢሮ ችግር ነው። በኮልፌ ቤቶች የሚገኘው ኃይል ፈጂ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ወይም ከመርካቶ በተገዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ ኃይሉንም የሚፈጀው ሲሠራ ነው። ደንቡን በጉምሩክ በር ላይ ማጥበቅ ደግሞ በዚሁ ዕቃ የቪዲዮ ቅንብርና የንድፍ ሙያ ተምሮ እንጀራውን የሚያበስለውን ወጣት አስቀድሞ ይጎዳል።

በኢትዮጵያ የሕግ መሠረቱ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ቁጠባን የመቆጣጠር ሥልጣን ይሰጣል፤ ደረጃና መለያ ለማውጣት ከተሠራባቸው ዕቃዎችም አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣድ መቅደሙ ተገቢ ነው፣ የሚጠቀምበት ሕዝብ ብዙ ነውና። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ቁጠባ አያስፈልግም የሚለው ክርክር ግን የሰፈሩን ትራንስፎርመር ይዘነጋል፤ የማታው ጭነት የሚያርፈው እዚያው ነው።

ለኮምፒውተር በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው መለያ የፓወር ሰፕላዩ ነው። ለውስጥ ክፍሎቹ 320 ዋት ለማድረስ ብቃቱ 80 በመቶ የሆነው ከግድግዳው 400 ዋት ሲስብ፣ 90 በመቶ የሆነው 356 ገደማ ይበቃዋል። በቀን አምስት ሰዓት ሲታሰብ ልዩነቱ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ መለያ ብቻውን ግቢውን ወደ ቀድሞው እርከን አይመልሰውም። በየክፍሉ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ያሳያል፣ ጠቡንም ያበርዳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እርከኑን የሚያሰላው ግን በግቢው ዋና ቆጣሪ ንባብ ነው፤ ተከራዮቹ በየግላቸው ቢመዘገቡ ኖሮ ዝቅተኛ እርከን ላይ ይቀሩ ነበር።