የወፍን ስም የሚናገር መነጽር
ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ማብራሪያ

ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው፣ በተለምዶ ባይኖክላር የሚባለው ባለሁለት ዐይን መነጽር ለነጋዴዎቻችን እንግዳ ዕቃ አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አቅርቦ ከማሳየት አልፎ የታየውን ወፍ ስም ለተመልካቹ የሚነግር ዐይነት በዓለም ገበያ ላይ ውሏል። ወፍ ለማየትና ለአደን ወደ አገራችን የሚመጡ እንግዶች ስላሉ፣ በልደታም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል የሚሠሩ ነጋዴዎች «ይህን ዕቃ ማስመጣት ያዋጣልን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ የመሣሪያውን አሠራርና ከማዘዝ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡትን ነጥቦች ከዚህ በታች እንገልጻለን።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀው ዕቃ ኤ.ኤክስ. ቪዚዮ ይባላል። ሠሪው በኦስትሪያ አገር፣ በቲሮል አውራጃ፣ በአብሳም ከተማ የሚገኘውና በ1949 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ የተባለው ፋብሪካ ነው። ዕቃው ለሕዝብ የተገለጠው በጥር ወር 2024 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ ወደ 4,800 የአሜሪካ ዶላር ነበር።

መስተዋቱ እንደ ማንኛውም ጥሩ ባይኖክላር ነው፤ 10 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱም ስፋት 32 ሚሊሜትር ነው። አዲሱ ነገር በውስጡ የተጨመረው ካሜራ፣ በሳተላይት አማካይነት ቦታን የሚያመለክት መሣሪያና ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ተመልካቹ ወፉን አነጣጥሮ አዝራሩን ሲጫን ካሜራው ሥዕል ያነሣል፤ ኮምፒዩተሩም ሥዕሉን ቀድሞ ከተማራቸው ምስሎች ጋር አስተያይቶ፣ ቦታውንም ግምት ውስጥ አግብቶ፣ ስሙን በመነጽሩ ውስጥ ጽፎ ያሳያል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ይኸው ነው። በፋብሪካው መግለጫ መሠረት ከ9,000 በላይ የአዕዋፍና የሌሎች እንስሳት ዐይነቶችን ይለያል። የወፎቹ ዕውቀት የተገኘው በአሜሪካ አገር ከሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ጥናት ማዕከል፣ መርሊን ከተባለው ሥራው ነው።

ዕውቀቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

እዚህ ላይ ገዥም ሻጭም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያው የሚያውቀው በሥዕል የተማረውን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሥዕሉን ያነሣው ወፍ በቀላሉ ይለያል፤ ሥዕሉ ጥቂት የሆነ ወፍ ግን ከሚመስለው ዘመድ ጋር ሊምታታ ይችላል። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዐይነት ያለባት አገር ስትሆን፣ የውጭ እንግዳ ሩቅ መንገድ የሚመጣው ይልቁንም በሌላ አገር የማይገኙትን ለማየት ነው። ለምሳሌ በቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የሚገኝ ቁራ መሰል ወፍ አለ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር የተገኘው ነው፤ በሌሊት የምታድን አንዲት ወፍ በአንድ ክንፏ ብቻ ታውቃ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ወጥቶላታል። ከአንድ ክንፍ በቀር ናሙና ያልተገኘላትን ወፍ ማንም መሣሪያ በሥዕል ሊማራት አይችልም። ስለዚህ አገሩን የሚያውቅ አስጎብኚ በመነጽሩ ምክንያት ሥራ ያጣል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

በአደንም ረገድ እንዲሁ ነው። የደጋ አጋዘን አደን የሚፈቀደው በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በተከለሉ የአደን ቦታዎች ነው። መነጽሩ የአውሬውን ስም ቢናገር እንኳ፣ የወንዱን ዕድሜና የቀንዱን መጠን አይቶ የሚፈርደው አዳኙና አብሮት የሚሄደው ባለሙያ ናቸው። የመሣሪያው ቃል በሕግ ፊት የአዳኝ መከላከያ አይሆንም።

ከማዘዝ በፊት

ልደታ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር በነበረበት ዘመን በአየር የሚመጣ ዕቃ የሚራገፈው እዚሁ ነበር፤ ዛሬ ግን እንዲህ ያለው ቀላልና ውድ ዕቃ የሚገባው በቦሌ ነው። አስመጪው ብርቱ ጥንቃቄ ሊያደርግ የሚገባውም በዚያ በር ላይ ነው።

አንደኛ፤ ባይኖክላር በአገራችን ከጸጥታ ጋር የተያያዘ ዕቃ ሆኖ ስለሚታይ፣ ያለ ፈቃድ ይዘው የመጡ ጎብኚዎች መነጽራቸው በጉምሩክ የተያዘባቸው ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነጋዴው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ለጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

ሁለተኛ፤ ባይኖክላር በዓለም የጉምሩክ ምደባ ቁጥሩ 9005.10 ነው። ይህኛው ግን ካሜራና የራዲዮ ሞገድ ማስተላለፊያ ስላለበት የምደባ ጥያቄ ሊነሣበት፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ማረጋገጫ ሊያስፈልገው ስለሚችል አስቀድሞ ይጣራ።

ሦስተኛ፤ የሊቲየም ባትሪ ስላለው በአየር ሲጫን የአደገኛ ጭነት ደንብ ይመለከተዋል፤ ላኪው ይህን በሰነዱ ላይ በትክክል ማስፈር አለበት።

አራተኛ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ የሚወሰነው በገበያ ስለሆነ፣ በታዘዘበትና በተከፈለበት ቀን መካከል የብር ዋጋ ቢለወጥ ኪሳራው የአስመጪው ነው።

ያዋጣልን?

ሒሳቡን እናስላ። አንድ ጥሩ ተራ ባይኖክላር 300 ዶላር ቢገመት፣ በአንዱ ብልህ መነጽር ዋጋ 16 ተራ መነጽሮች ይገዛሉ። መርሊንም በስልክ ላይ ያለ ክፍያ የሚጫን ሲሆን፣ ስለ ወፉ መጠን፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሁኔታው ጥቂት ጠይቆ ስሙን ይጠቁማል። ልዩነቱ ብልሁ መነጽር ሩቅ ያለውን ወፍ ራሱ ሥዕል አንሥቶ፣ በአንድ አፍታ መመለሱ ነው። ይህን ምቾት በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው በእኛ ገበያ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የውጭ እንግዳም የራሱን መነጽር ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ባለሱቅ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ አኑሮ ገዥ ቢጠብቅ ካፒታሉን ያስራል። ይልቅስ አስጎብኚ ድርጅት ፈቃዱን በሚገባ አውጥቶ አንድ ወይም ሁለት ቢያስመጣና ለእንግዶቹ በቀን ኪራይ ቢያቀርብ፣ ዕቃው በአንድ ሽያጭ ሳይሆን በብዙ ጉዞ ዋጋውን ይመልሳል። ባለሱቁም ፈቃድ ያገኘ እንደሆነ ንግዱን በተራው መነጽር ቢጀምር ይሻለዋል፤ ከሽያጩም ጋር መርሊንን በገዥው ስልክ ላይ ጭኖ ቢያስረክብ ደንበኛው ተደስቶ ይሄዳል።