ስንቶቹን ለቡና ይጠሯቸዋል?

ስልክዎ ላይ ያለውን የተከታዮች ቁጥር ለአፍታ ይተዉትና ራስዎን ይጠይቁ። ከእነዚህ ሰዎች ነገ "ኑ፣ ቡና ጠጡ" ቢባሉ ስንቶቹ ይመጣሉ? እርስዎ ቢታመሙስ ስንቶቹ ይደውሉልዎታል? መልሱ ከ20 ካልበለጠ አይደንግጡ፤ የብዙዎቻችን ነው።

ጥያቄው ጨዋታ የሚመስለው ገንዘብ እስኪገባበት ድረስ ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ቆልታ፣ ፈጭታና አሽጋ በቴሌግራምና በኢንስታግራም የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። ተከታዮቿ 800 ናቸው፤ የሰፈር ሰዎች፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ አዲስ አበባ የገቡ ዘመዶች። ከእነዚህ 40ዎቹ በየወሩ ያዝዛሉ። አንድ ቀን "በ3 ቀን 10,000 ተከታይ" የሚል ማስታወቂያ ታያለች። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጠችው ላይ ቀንሳ ትከፍላለች። ቁጥሩ እንደተባለው ይወጣል፤ ትዕዛዙ ግን ያው 40 ነው። "ሺ ቢታለብ ያው በገሌ" ያለችውን ድመት መሆን ማለት ይኼ ነው።

እንዲያውም ከ40 ሊወርድ ይችላል። ኢንስታግራምም ሆነ ፌስቡክ የለጠፉትን ሁሉ ለተከታዩ ሁሉ አያሳዩም። ማን ይወደዋል፣ ማን ያልፈዋል የሚለውን የሚገምቱት ሰዎች ከሚሰጡት ምላሽ ነው። 10,000 ድዳ አካውንት በተቀላቀለበት ገጽ ምላሹ ይሳሳል፤ ያኔ ምርቱ ከእውነተኛ ደንበኞቿ ዓይንም ሊርቅ ይችላል። የተገዛው ቁጥር ራሱም ዕድሜ የለውም፤ ኩባንያዎቹ በየጊዜው ይጠርጉታል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የሐሰት አካውንቶችን ሲያጸዳ ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ከ3 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ጎድሎበታል። እሱስ የሚተርፈው አላጣም።

ብዛትና ጥራት የተለያዩ መሆናቸውን ጅማ በቡናዋ ተምራዋለች። ለብዙ ዓመታት የአካባቢው ቡና አብዛኛው ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ተለቅሞ፣ በፀሐይ ደርቆ በጅምላ የሚሸጥ ነበር። በዓለም ገበያ "ጅማ 5" ሲባል ርካሽ ቡና እስኪታሰብ ድረስ ተደርሶ ነበር። የቡና መገኛ ነን ለምንል ሰዎች ይህ አንገት የሚያስደፋ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከጅማ ብዙም በማትርቀው አጋሮ አካባቢ መቶ ያህል ገበሬዎች ዱሮሚና የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ባለጸጋ መሆንን ያመለክታል። ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት ድጋፍ የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ። ሥራው ምስጢር የለውም። የበሰለው ቀይ እሸት ብቻ ይለቀማል፤ ጥሬውና የተበላሸው በእጅ ይለያል፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ይወጣል። ከዚያ ተፈልፍሎ፣ ተብላልቶ፣ ታጥቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት የሚገኘው 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው። በኪሎ መሸጥ ለለመደ ሰው ያን ሁሉ ለይቶ ማስቀረት ሆድ ያባባል። በ2004 ዓ.ም. ግን ዓለም አቀፍ ቀማሾች የዱሮሚናን ቡና ቀርበው ከነበሩት የአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ አሉት። ዛሬ የውጭ ቆይዎች ከረጢታቸው ላይ "አጋሮ" ብለው ይጽፋሉ። መሬቱም ዛፉም ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው አለቃቀሙና አያያዙ ነው።

የእርስዎን ተንሳፋፊ ለማወቅ የውኃ ገንዳ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ ከሆኑ ከእያንዳንዱ መልዕክት ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ይመልከቱ። 20,000 አባላት ባሉት ቻናል 300 ሰው ብቻ ካየው፣ የሚያወሩት ከ300 ሰው ጋር ነው። ኢንስታግራም ደግሞ ለንግድ አካውንት ተከታዮቹ ከየት ከተማ እንደሆኑ ያሳያል። የሚሸጡት ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገነት ሆኖ ተከታዩ ሰምተውት ከማያውቁት አገር ከሆነ የተቀረውን መገመት አይከብድም። "ፎሎው አድርጊኝ፣ እመልስልሻለሁ" የሚባለው ልውውጥም ገንዘብ ባይከፈልበት እንጂ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቁጥር ለማብዛት የሚሯሯጥ ሰው አንድ ሕግ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል። አዋጁ የተገዛውን ተከታይ ከእውነተኛው ለይቶ አይቆጥርም። ሳያጣሩ የሚያጋሩት ወሬ ከ5,001ኛው ተከታይ በኋላ ሌላ ክብደት አለው ማለት ነው።

እኔን ከንግዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቤት ውስጥ ያለው ነው። የልጅዎን የልደት ፎቶ ለጥፈዋል እንበል። ሌላ ቀን በደንብ ልብሷ ሆና፣ የትምህርት ቤቷ ስም ደረቷ ላይ እየታየ። ከሚያዩት መካከል የማያውቁት ሰው ስንት ነው? እንግዳ ሰው በር ቢያንኳኳ ማንነቱን ሳንጠይቅ አናስገባም፤ ገጻችን ላይ ግን ስሙን እንኳ ሳናነብ "ተቀበል" እንላለን። የ14 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ይህን እያየች ታድጋለች። እራት ላይ "ስንት ደረሰልሽ?" ከማለት "ዛሬ ማን ጻፈልሽ? የት ነው የምትተዋወቁት?" ማለት ይሻላል። መልሷ ሲያቅማማ አይቆጧት፤ አብረዋት ዝርዝሩን ይዩት።

ኢንስታግራም የልጆችን ፎቶ ለመረጧቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያሳዩበት የቅርብ ጓደኞች ዝርዝር አለው። ፌስቡክም ከመለጠፍዎ በፊት ማን እንዲያየው እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ይሉኝታ ለሚይዘው ሰው ደግሞ መልካም ዜና አለ፤ ከኢንስታግራም ተከታዮችዎ አንዱን ሲያስወጡ ለሰውየው መልዕክት አይደርሰውም። ጀበናው እስኪፈላ 10 ስም ማየት ይቻላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ከተቀመጡበት ደግሞ 50 ያልፋል።